ባለሳጥኑ ተበልቶ አያውቅም

ቁማር ነው። አንድ ልጅ ገንዘብ ከፍሎ የተዘጋ ሳጥን ይገዛል፤ በውስጡ ምን እንዳለ አያውቅም፤ የሚወጣለትን የሚወስነው ዕጣ እንጂ ጉብዝናው አይደለም፤ የወጣለት ነገር ባይረባውም ብሩ አይመለስለትም። ይኸው ነገር ገበያ ዳር፣ ጆንያ ላይ በተዘረጉ ሦስት ካርታዎች ቢሆን ኖሮ ፖሊስ ይጠራ ነበር። በስልክ፣ በሙዚቃና በብልጭልጭ ታጅቦ ስለመጣ ግን ጠያቂ ጠፋ።

ደብረ ማርቆስ ቡና እየጠጣን ይህን ባነሳሁ ቁጥር ቀድሞ የሚስቅብኝ የተማረው ሰው ነው። «አንተ ደግሞ፣ የልጆች ጨዋታ እኮ ነው!» ይለኛል። ይህን የሚለኝ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቤቲንግ ትኬቱን በኪሱ ይዞ የእንግሊዝ ኳስ ሲያይ የአንገቱ ሥር የሚገታተር ሰው ነው። አንድ ጨዋታ ትኬቱን ካቃጠለበት እስከ ሰኞ አያናግረኝም። የራሱን ቁማር ጠንቅቆ ያውቀዋል። የልጁን ሲያይ ግን ዓይኑ ይታወራል።

ጨዋታዎቹን ለማያውቁ ወላጆች ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆቻችን ቀን ከሌት የተተከሉባቸው የስልክ ጨዋታዎች በነፃ የሚወርዱ ናቸው። ኢፉትቦል ነፃ ነው፣ ፐብጂ ሞባይል ነፃ ነው፣ ፍሪ ፋየርም ነፃ ነው። ነፃ ነገር እያደሉ ሀብት የሚያካብቱ ኩባንያዎች ብሩን ከየት ያመጡታል ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ግን አልገጠመኝም። በኳስ ጨዋታው ላይ አንድ ታዋቂ የድሮ ኮከብ ቢያምርህ ዋጋውን ጠይቀህ አትገዛውም። መጀመሪያ በእውነተኛ ገንዘብ ኮይን ትገዛለህ። በኮይኑ የምትገዛው ደግሞ ኮከቡን ሳይሆን ኮከቡ ይወጣልኝ ይሆናል የሚል ዕድል ነው። ስክሪኑ ይጨልማል፣ ብርሃን ይፈነጥቃል፣ ደጋፊው ይጮኻል፤ ከዚያ ስሙን ሰምተኸው የማታውቅ ተከላካይ ብቅ ይላል። እንደገና ትሞክራለህ። በፐብጂ ኮይኑ ዩሲ፣ ሳጥኑ ክሬት ይባላል፤ በፍሪ ፋየር ዳይመንድ ነው። ስሙ ይለያያል እንጂ አሠራሩ አንድ ነው። ኮይኑ በመሃል የገባውም ያለ ነገር አይደለም። ካዚኖም በጥሬ ብር አያጫውትም፤ ብርህን ተቀብሎ የፕላስቲክ ጠጠር ይሰጥሃል። ጠጠር ሲበላ ብር የተበላ አይመስልማ!

«ይህ የፈረንጅ ልጅ ችግር ነው፣ እኛ ዘንድ ዶላሩ ከየት መጥቶ?» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ የጎጃም ልጅ ቪዛ ካርድ የለውም። ለዚህም ነው በመሃል ደላላ የገባው። በቴሌግራም ቻናል ኮይንና ዩሲ በብር የሚቸረችሩ ወጣቶች አሉ። በቴሌብር ትልካለህ፣ ደረሰኙን ስክሪንሾት አድርገህ ትልክለታለህ፣ የጨዋታ መለያ ቁጥርህን ትጽፋለህ፣ ኮይኑ ይገባልሃል። ባንክ ወረፋ የለም፣ የዶላር እጥረት የለም፣ ዕድሜህ ስንት ነው የሚል ሰው የለም። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው፤ ለገበሬውም ብዙ ጠቅሞታል፣ ይህን አልክድም። በሬ የሸጠበትን ብር በወገቡ ታጥቆ እየተገላመጠ ከገበያ ከመመለስ አድኖታል። ሌባው ግን መንገድ ቀየረ እንጂ አልቀረም።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ጦርነት ተነሥቶ የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ጨዋታውም አብሮ ተዘጋ። ከብዙ ወራት በኋላ ሲከፈት ብዙው ልጅ ትምህርት ቤት አልነበረም። በጦርነቱ የተነሣ በአማራ ክልል ከትምህርት ገበታ የራቁት ልጆች በሚሊዮን ይቆጠራሉ። በዚህ ላይ መንገዱ ያስፈራል፣ አመሻሽ ላይ መውጣት ያስፈራል። እናት «ስልኩን ይዞ ቤት ይቀመጥልኝ» ብትል ማን ይፈርድባታል? እኔ አልፈርድባትም። የምፈርደው ቤት የተቀመጠውን ልጅ በስልኩ ገብቶ ኪሱን በሚያጥበው ላይ ነው።

የእህቴን ባል ጉዳይ ልንገራችሁ። ከጮቄ ተራራ ግርጌ ስንዴና ድንች የሚያርስ ሰው ነው። ማንበብ አይችልም። በስሙ የወጣው ሲም ካርድ ያለው ከተማ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቅ እየተላከለት በሚማረው በአሥራ አራት ዓመት ልጁ ስልክ ውስጥ ነው። የምስጢር ቁጥሩን የሚያውቀው ልጁ ነው፤ ስንት ብር እንደቀረ የሚያነብለትም ልጁ ነው። «ዓይኔ እሱ ነው» ይል ነበር በኩራት። በቴሌብሩ ውስጥ ለማዳበሪያ የተቀመጠ ብር ነበር። አፈሩ አሲዳማ ሆኖ ለደከመበት የደጋ ገበሬ የማዳበሪያ ብር ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁ፣ ያ ብር ከሌለ በሐምሌ የተዘራው በኅዳር ለአጨዳ አይበቃም።

ብሩ ያለቀው ባንድ ጊዜ አይደለም። እንዲያማ ቢሆን ልጁ ራሱ ይደነግጥ ነበር። መጀመሪያ ትንሽ ኮይን፤ ቀጥሎ «ዛሬ ማታ የሚያበቃ» ተብሎ የተለጠፈ ሳጥን፤ ከዚያ የጠፋውን አስመልሳለሁ ብሎ ሌላ፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ። የትኛው ጨዋታ እንደሆነ አልናገርም፣ ሁሉም ያው ናቸውና። ስጠይቀው ጣቶቹን እያፍተለተለ ዝም አለ። ቆይቶ «ጋሼ፣ ሊወጣልኝ እኮ ትንሽ ነበር የቀረው» አለኝ።

«ማን ነገረህ?»

«ሲዞር ቆይቶ አጠገቡ ነው የቆመው።»

አጠገቡ! ወይ ጉድ! ልጅ ሳለሁ በእኛ መንደር በካርታ ቁማር በሬውን አስይዞ የተበላ ሰው ነበር፤ እስኪሞት ድረስ የሚያወራው ስለዚያች «አንዲት ካርታ ብቻ የቀረችው» ሌሊት ነው። ለልጁ እንዲህ ስል አስረዳሁት፦ ገና ጣትህን ስታሳርፍ ኮምፒዩተሩ ቁጥሩን አውጥቷል፤ መንኮራኩሩ የሚዞረው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ ከሚፈለገው ዕጣ አጠገብ ቆመም ራቀም ሥዕል ነው፤ «ቀርቤ ነበር» የሚባል ነገር በዚያ ማሽን ውስጥ የለም። ገባው። ግን መግባቱ ምን ይሠራለታል? ስኪነር የሚባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በእርግብ ላይ ያረጋገጠው ነገር ነው፤ ምግቡ መቼ እንደሚመጣ ካልታወቀ እርግቧ ቁልፉን መንቆሯን አትተውም። እርግቧን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሳጥኑን ማንሣት ነው።

አባትየው ልጁን አልመታውም። ወደ እኔ ዘወር ብሎ «ማነው የበላው?» አለኝ። በካርታ የተበላ ሰው የበላውን ያውቀዋል፤ ጠላቱም ቢሆን በስም ይጠራዋል። ለእሱ ግን የምጠራለት ስም አልነበረኝም።

አሁን ወደ ሳጥን ሻጮቹ ጠበቆች ልሂድ። የመጀመሪያው ጋሻቸው «ሽልማቱ ወደ ገንዘብ አይለወጥም፣ ስለዚህ ቁማር አይደለም» የሚል ነው። እስቲ ይህን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ከልጁ ብር እንቀበላለን፣ ለልጁ ግን በምንም መንገድ ብር አንመልስም፣ ስለዚህ ንጹሕ ነን ነው የሚሉት! ቤቲንግ ቤት እንኳ አልፎ አልፎ ይከፍላል። የማይከፍል ቁማር ቤት ከሚከፍለው የከፋ እንጂ የተሻለ የሚሆንበትን ሒሳብ ማንም አስረድቶኝ አያውቅም። ደግሞስ አይለወጥም ያለው ማነው? በዚያው በቴሌግራም ኮከብ የወጣላቸው አካውንቶች በብር ይሸጣሉ፤ የሚገዛቸውም ሞልቷል።

ሁለተኛው ጋሻ «ጨዋታው ችሎታ ይጠይቃል» ነው። አዎ፣ ይጠይቃል። ማንቸስተር ሲቲ ሲጫወትም ችሎታ ነው፤ በእሱ ላይ የተቆረጠው ትኬት ግን ቁማር ነው። በጎበዝ ጨዋታ ሆድ ውስጥ የተደበቀ ዕጣ ከጨዋታው ጉብዝና አይወርስም። ቤልጂየም ይህን እ.ኤ.አ. በ2018 ቁልጭ አድርጋ አስቀመጠችው። የአገሪቱ የቁማር ኮሚሽን ጨዋታ አለ፣ የተከፈለ ገንዘብ አለ፣ ዕድል አለ፣ ማግኘትና ማጣት አለ ብሎ የፊፋን ጨዋታ ጨምሮ የበርካታ ጨዋታዎች ሳጥን ቁማር ነው ሲል ወሰነ። ኔዘርላንድስም የዚሁን የፊፋ ጨዋታ ሠሪ ኤሌክትሮኒክ አርትስን በ10 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥታ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ግን ሳጥኑ የትልቁ ጨዋታ አካል ነው ብሎ ቅጣቱን ሻረው። የደች ዳኞች ተሳስተዋል እላለሁ። ደፈርኩ? ልድፈር። የማዳበሪያ ብር ሲበላ ያየሁት እኔ ነኝ።

ሦስተኛው ጋሻ ይበልጥ ያናድደኛል፤ «ዕድሉ ስንት በመቶ እንደሆነ በግልጽ እንጽፋለን» ይላሉ። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2017 ግዴታ አደረገችባቸው፣ አፕልም በዚያው ዓመት ተከተለ፣ ዛሬ ፈልገህ ካገኘኸው ተጽፏል። ሁለት በመቶ ተብሎ ተጽፏል እንበል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ይህን ሲያነብ በልቡ «ሃምሳ ጊዜ ከከፈትኩ አንድ አይቀርልኝም» ይላል። እንዲያ አይደለም። ዕድሉ በየጊዜው ሁለት በመቶ ከሆነ፣ ሃምሳ ሳጥን ከከፈቱ መቶ ልጆች መካከል 36ቱ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። መቶ መቶ ሳጥን ቢከፍቱ እንኳ 13 ያህሉ ምንም አያገኙም። ይህን ሒሳብ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው እንኳ በቀላሉ አይሠራውም፤ እነሱ ግን ሠርተው ነው የለጠፉት። ተዘረፍክ ብሎ አስቀድሞ የጻፈ ዘራፊ ዘራፊነቱ አይቀርለትም።

እ.ኤ.አ. በ2019 የኤሌክትሮኒክ አርትስ ኃላፊ የብሪታንያ ፓርላማ ፊት ቀርበው ነገሩን በውስጡ መጫወቻ ካለው የቸኮሌት እንቁላል ጋር አመሳሰሉት። እንቁላሉ ይበላል፣ ያልቃል። እንቁላሉ ትናንት ማታ ስንት ሰዓት ላይ እንደተናደድክ መዝግቦ ዛሬ በዚያው ሰዓት «ልዩ ቅናሽ» ብሎ አይጠራህም። አለፍኩት።

አንድ የምር የሆነ ጥያቄ ግን አለ፤ የጠየቀኝም ቤተ ክርስቲያን ያደጉ አስተዋይ ሽማግሌ ናቸው። «ልጄ፣ ዕጣ ሁሉ ቁማር ከሆነ ዕቁቡንስ ምን ልትለው ነው?» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ዕጣን የሚፈራ ሰው ጎጃም ውስጥ መኖር አይችልም። በሐዋርያት ሥራ በይሁዳ ፈንታ ማትያስ የተመረጠው በዕጣ ነው። ወንድማማቾች የአባታቸውን ርስት ሲካፈሉ ጠብ የሚበርደው በዕጣ ነው። በዚያው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ደግሞ ወታደሮቹ ከመስቀሉ ሥር የጌታን ቀሚስ ለመውሰድ የተጣጣሉት ዕጣ አለ። ዕጣው ያው ዕጣ ነው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው።

ዕቁብ ውስጥ ዕጣ የሚወስነው ተራን ነው። መጀመሪያ የወጣለትም መጨረሻ የቀረውም የከፈለውን ያህል ይወስዳል፤ ባዶ የሚወጣ ሰው የለም። ዳኛው ይታወቃል፣ ጸሐፊው ይታወቃል፣ ወረቀቱ የሚጠቀለለው ሁሉም እያየ ነው። ልጅ ሊድር የቸገረው ሰው «ተራዬን ስጡኝ» ብሎ ይለምናል፣ ይሰጠዋል። ከሁሉም በላይ የአባላቱ ማጣት የሚያወፍረው የዕቁብ ባለቤት የለም። በእኛ ዘንድ ዕጣ የተከበረው የማንም ስላልሆነ ነው፤ ሰው እጁን አንሥቶ ለፈጣሪ ይተወው የለ? የስልኩ ሳጥን ዕጣ ግን ባለቤት አለው። የጻፈው ሰው ነው፤ የሚቀይረውም ያው ሰው ነው፤ ውስጡን የሚያየው እሱ ብቻ ነው። ሺህ ልጆች ሲከፍቱ ሺህ ጊዜ የሚበላው እሱ ነው።

ዕጣ በኮምፒዩተር ሲወጣ ማን ያያል የሚለው ጥያቄ ለእኛ አዲስ አይደለም። ሐምሌ 2014 አዲስ አበባ ላይ ከ25 ሺህ በላይ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ወጣ፤ ባለሥልጣናቱ ተሰልፈው፣ በቴሌቪዥን እየታየ ነው የወጣው። ሰው እልል አለ፣ አለቀሰ፣ ተሳሳመ። ቀናት ሳይቆይ መረጃው ተነካክቷል ተባለና ዕጣው ተሰረዘ፤ የተያዙ ሰዎችም ነበሩ። ዓመታት ሲቆጥብ የኖረ ሕዝብ በዓይኑ እያየ፣ የከተማው አስተዳደር ኃላፊነቱን ወስዶበት የወጣ ዕጣ እንዲህ ሆነ። የተደረሰበትም መዝገብ ስለነበረ፣ መርማሪ ስለነበረ፣ የሚጮህ ቆጣቢ ስለነበረ ነው። በልጃችን ስልክ ውስጥ በሌሊት የሚወጣውን ዕጣ የሚመረምረው ማነው? ዕጣው ቢነካካ እንኳ የሚሰርዘው ማነው?

መንግሥት ቁማርን አያውቅም እንዳንል ያውቃል። ብሔራዊ ሎተሪ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ዕጣውን በአደባባይ ያወጣል፣ ቁጥሩን ያሳትማል። የቤቲንግ ኩባንያዎችም ፈቃድ ሲያወጡ የኖሩት ከዚያው ቤት ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ በዕድል ጨዋታ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ግብር ጣለ። በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር ወጣቱን እያበላሹ ነው ብሎ ቤቲንግ ቤቶችን አሸገ፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ግን እዩት እስቲ! በር ያለው ቤት ታሸገ፤ በር የሌለው ቁማር ቤት ደግሞ በየልጁ ኪስ ገባ። የታሸገው ቤት ቢያንስ ግድግዳው ላይ ለሕፃናት ክልክል ነው የሚል ወረቀት ነበረው፤ እዚያ ትኬት የሚቆርጠው ሰው ቢያንስ ጢም አብቅሏል። የስልኩ ሳጥን ፈቃዱ የታለ? ግብሩ የታለ? ያለ ፈቃድ ቶምቦላ ያዞረ ነጋዴ ቢኖር ነገ ጣቢያ ነው የሚያድረው።

የጨዋታ ጠላት አድርጋችሁ አትውሰዱኝ። ገበጣ የተጫወተ፣ በገና ዕለት ሩር ሲመታ ጥፍሩ የተነቀለ ሰው ነኝ፤ ልጁ ኳስ በስልክ ቢጫወት ምን ገዶኝ። ሠሪዎቹም ይብሉ፣ ለፍተዋል። ግን ዕቃቸውን በዋጋው ይሽጡ። ኮከቡ ይህን ያህል ነው ብለው ይለጥፉ፤ አባት ይየው፣ ተወደደ ይበል፣ ይከራከር፣ እምቢ ይበል። ሮኬት ሊግ የሚባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2019 በገንዘብ የሚከፈተውን ሳጥን አንሥቶ ዋጋ ለጥፏል፤ አልሞተም፣ እስከ ዛሬ ሰው ይጫወተዋል። ይቻላል ማለት ነው። ሌሎቹ የማያደርጉት ዋጋው ቢታወቅ ማንም አባት ስለማይከፍል ነው።

አንድ ኮይን ቸርቻሪ ወጣት አግኝቼ አነጋግሬዋለሁ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ተመርቆ ሥራ ያጣ ነው። «ሠሪዎቹ ጃፓንና ቻይና ናቸው፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለኝ። ባለሥልጣኑን ብጠይቀውም የሚመልስልኝ ይህንኑ ነው፤ ከአቅማችን በላይ ነው ይለኛል። እስቲ መንገዱን አብረን እንሂድበት። ሲም ካርዱን የሸጠው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ብሩን ያሻገረው ቴሌብር ነው፣ እሱም የመንግሥት ነው። በአንድ ቁጥር ላይ በቀን ስንት ልጅ እንደሚልክ መዝገቡ ውስጥ አለ። ቻናሉን የከፈተው ወጣት አማርኛ ይጽፋል፣ ስልክ ቁጥሩን ለጥፏል፣ ልጁን ዕድሜህ ስንት ነው ብሎ አይጠይቅም። ብሩ ዶላር ሆኖ ባሕር እስኪሻገር ድረስ ያለፈባቸው እጆች በሙሉ የእኛ ናቸው፤ ጃፓን የሚደርሰው ከሁሉም በኋላ ነው። ጃፓንን ተዉልኝ። እነዚህን እጆች ነው የምጠይቀው፤ ከመጪው የማዳበሪያ ወቅት በፊት።